ውሃ ባልጠገበ አፈር ውስጥ የበካይ ጉዞ ሞዴሎች ፍተሻ

ውሃ ባልጠገበ አፈር ውስጥ የበካይ ጉዞ ሞዴሎች ፍተሻ ማለት በመሬት ገጽና በከርሰ ምድር ውሃ መካከል ባለው አፈርና ዐለት ውስጥ አንድ በካይ (ናይትሬት፣ ፀረ ተባይ፣ ነዳጅ፣ ክሮምየም ወዘተ.) ምን ያህሉ፣ በምን ፍጥነትና መቼ ወደ ታች እንደሚወርድ በኮምፒዩተር የተሰላ ትንበያ፣ በመስክና በላቦራቶሪ ከተለካው ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ የመመርመር ሥራ ነው። ፍተሻው የአፈር ፊዚክስ፣ የሃይድሮጂኦሎጂና የሒሳብ ክፍል ሲሆን፣ ውጤቱ የፀረ ተባይ ምዝገባን፣ የቆሻሻ መጣያ ቦታ ምርጫን፣ የነዳጅ ማደያ ፈቃድንና የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ጥበቃን ይመለከታል።

በኢትዮጵያ ጥያቄው በተለይ ጥቁር አፈር ባለባቸው ቦታዎች ይከብዳል። በቦሌና በደቡብ ምሥራቅ አዲስ አበባ ሰፊ ቦታ የሚገኘው፣ ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ፣ የግንባታ ባለሙያው ደግሞ ኮትቻ ወይም ጥቁር አፈር የሚለው መሬት፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በጣም የተለመዱት ሞዴሎች ግን የተጻፉት ቅርጹን ለማይለውጥ አፈር ነው። ይህ ጽሑፍ ፍተሻው በጠቅላላ እንዴት እንደሚካሄድ ከገለጸ በኋላ፣ ቦሌ ሚካኤልን በመሰለ ሠፈር ምን መልክ እንደሚይዝ ያብራራል።

ያልጠገበው ክፍል

ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ይህን ክፍል አይቶታል። ቆፋሪው መጀመሪያ ደረቅ፣ ቀጥሎ እርጥብ አፈር ያወጣል፤ ውሃ ግን ገና ወደ ጉድጓዱ አይፈስም። እርጥበቱ በአፈር ቅንጣቶች ዙሪያ በስሱ ተጣብቆና በጠባብ ቀዳዳዎች ተይዞ ይገኛል፤ የቀረውን ቀዳዳ አየር ሞልቶታል። ውሃ ጉድጓዱን መሙላት የሚጀምርበት ጥልቀት የከርሰ ምድር ውሃ ጣሪያ ይባላል። ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ ውሃ ያልጠገበ ክፍል ነው፤ በሳይንሱ ቫዶዝ ዞን ይሉታል። በአዲስ አበባ የዚህ ክፍል ውፍረት በወንዝ ዳር ጥቂት ሜትር፣ ከፍ ባለው መሬት ላይ ደግሞ ብዙ አሥር ሜትሮች ሊሆን ይችላል።

ለበካይ ነገር ይህ ክፍል መንገድም ማጣሪያም ነው። ባክቴሪያ ይሞትበታል፣ ፀረ ተባይ በጥቃቅን ተሕዋስያን ይፈርስበታል፣ ብረቶች በሸክላ ቅንጣቶች ላይ ይለጠፉበታል። በካዩ ውሃው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ይህ ሁሉ እንዲሆን ግን ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሞዴሉ የሚጠየቀው ዋና ጥያቄ ስለ ጊዜ ነው።

ሞዴሉ ምን ያሰላል?

መሠረቱ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 የዲዦን ከተማን የውሃ አገልግሎት ባጠና ጊዜ ያገኘው ሕግ ነው፦ ውሃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበት ፍጥነት ከግፊቱ ልዩነት ጋር ተመጣጣኝ ነው። አሜሪካዊው ኤድጋር ባኪንግሃም በ1907 ሕጉን አየር ላለበት አፈር አሰፋው፤ እዚህ አፈሩ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ ቋሚ ሳይሆን በእርጥበቱ መጠን የሚለዋወጥ መሆኑን አሳየ። ሎሬንዞ ሪቻርድስ በ1931 ሁለቱን ከውሃ መጠን ጥበቃ ጋር አዋህዶ ዛሬ የሪቻርድስ እኩልታ የሚባለውን ጻፈ። እኩልታው በወረቀት ላይ አጭር ነው፤ መፍታቱ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም አፈሩ ትንሽ ሲደርቅ የማሳለፍ አቅሙ በሺህ እጥፍ ሊወርድ ይችላል። ይህን ግንኙነት ለኮምፒዩተር በሚመች ቀመር የጻፈው ሪን ፋን ኽኑኽተን በ1980 ሲሆን፣ እሱ ከይርካ ሺሙኔክ ጋር የሠራበት ሃይድረስ የተባለው ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ፣ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ጭምር፣ በሰፊው ይታወቃል።

ከውሃው ጋር በካዩም ይሄዳል። ሞዴሉ ሦስት ነገሮችን ይጨምርበታል፦ በካዩ ከውሃው ጋር መወሰዱን፣ በመንገድ ላይ መሰራጨቱን፣ በአፈር ቅንጣት ላይ መለጠፉንና መፍረሱን። የመለጠፉ ነገር "የመዘግየት መጠን" በሚባል ቁጥር ይገለጻል። ቁጥሩ 1 ከሆነ በካዩ ከውሃው እኩል ይሄዳል፤ ናይትሬት በአብዛኛው እንዲህ ነው። ቁጥሩ 7 ከሆነ በካዩ ውሃው የሚሄድበትን መንገድ በሰባት እጥፍ ጊዜ ይጨርሳል።

አንድ የሒሳብ ምሳሌ እንውሰድ። በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ አፈሩ ከመጠኑ 40 በመቶ ውሃ ይዟል እንበል። ውሃው በዓመት 250 ሚሊ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው፤ 10 ሜትር ለመውረድ 40 ዓመት ይፈጅበታል። የመዘግየት መጠኑ 7 የሆነ በካይ 280 ዓመት ይፈጅበታል። በየ60 ቀኑ በግማሽ የሚፈርስ ፀረ ተባይ ከሆነ ደግሞ፣ ሳይዘገይ እንኳ ቢወርድ፣ በ40 ዓመት ውስጥ ከ240 ጊዜ በላይ በግማሽ ይቀንሳል፤ ማለትም ምንም አይቀርም። አሁን ያው ፀረ ተባይ በስንጥቅ ገብቶ በሁለት ቀን ታች ቢደርስስ? 98 በመቶው እንዳለ ይደርሳል። በሁለቱ መልሶች መካከል የኬሚካሉ ባሕርይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመንገዱ ሥዕል ብቻ ነው። ፍተሻ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ፍተሻ ሲባል ምን ማለት ነው?

በአማርኛ "ሞዴሉ ተፈትሿል" ሲባል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል፤ ሪፖርት የሚያነብ ሰው የትኛው እንደሆነ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

የመጀመሪያው የፕሮግራሙ ፍተሻ ነው። ኮምፒዩተሩ እኩልታውን በትክክል ይፈታል ወይ? ይህ ስለ አፈሩ ምንም አይናገርም። የሚደረገውም በእጅ ሊፈቱ ለሚችሉ ቀላል ሁኔታዎች የተገኙትን መልሶች፣ ለምሳሌ ጆን ፊሊፕ በ1957 ስለ ውሃ ስርገት፣ ኦጋታና ባንክስ በ1961 ስለ በካይ ስርጭት ያወጧቸውን፣ ከፕሮግራሙ ውጤት ጋር በማስተያየት ነው። የገባው ውሃ ከወጣውና ከቀረው ድምር ጋር እኩል መሆኑም ይጣራል። በዚህ ደረጃ የሚወድቅ ፕሮግራም ዛሬ ብዙ የለም።

ሁለተኛው ማስተካከል ወይም ካሊብሬሽን ነው። የተለካ መረጃ ይወሰዳል፣ ሞዴሉ እስኪገጥመው ድረስ ቁጥሮቹ ይነካካሉ። ይህ አስፈላጊ ሥራ ነው፤ ፈተና ግን አይደለም። መልሱን አይቶ የጻፈ ተማሪ ትምህርቱን ማወቁ በዚያ አይታወቅም። ችግሩን የሚያብሰው ብዙ የተለያዩ የቁጥር ስብስቦች አንድ ዓይነት ጥሩ ግጥም ሊሰጡ መቻላቸው ነው፤ እንግሊዛዊው የሃይድሮሎጂ ሊቅ ኪት ቤቨን ይህን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ሲያነሣው ቆይቷል። ሁለት ሞዴሎች ያለፈውን እኩል አስረድተው ስለ ወደፊቱ ፈጽሞ ሊለያዩ ይችላሉ።

ሦስተኛው እውነተኛው ፈተና ነው፦ ሞዴሉ ለማስተካከያ ያላየውን መረጃ፣ ውጤቱ ከመታወቁ በፊት፣ እንዲተነብይ ማድረግ። ንጽጽሩ በቁጥር ይመዘናል። ከሚዛኖቹ አንዱ ናሽና ሳትክሊፍ በ1970 ያቀረቡት ነው፤ ፍጹም መግጠም 1 ሲሆን፣ ሞዴሉ ከተለካው አማካይ ያልተሻለ እንደሆነ 0 ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቁጥር ብቻውን ያታልላል። የአማካዩን እርጥበት በደንብ የሚያሳይ ሞዴል የበካዩን የመጀመሪያ መድረሻ ቀን ፈጽሞ ሊስት ይችላል፤ ለጉድጓዱ ባለቤት ደግሞ የሚያስፈልገው ያ ቀን ነው።

ቃሉ ራሱ አከራካሪ ሆኗል። ሌናርድ ኮኒኮውና ጆን ብሬደሆፍት በ1992 የከርሰ ምድር ውሃ ሞዴሎች "ሊረጋገጡ አይችሉም" የሚል ጽሑፍ አወጡ። ናኦሚ ኦሬስከስና ባልደረቦቿም በ1994 በሳይንስ መጽሔት ላይ ተመሳሳይ ክርክር አቀረቡ፦ የተፈጥሮ ሥርዓት ዝግ ስላልሆነ፣ ሞዴል ከመረጃ ጋር መስማማቱ እውነትነቱን አያረጋግጥም፤ ቢበዛ ያለውን እምነት ያጠነክራል። ክርክሩ የቃላት ቢመስልም በሥራ ላይ ልዩነት አለው። "የተረጋገጠ ሞዴል" የሚል ማኅተም ያለበት ሪፖርት ጠያቂውን ዝም ያሰኛል፤ "በዚህ አፈር፣ በዚህ ወቅት፣ እስከዚህ ጥልቀት የተፈተሸ" የሚለው ግን ቀጣዩን ጥያቄ ይጋብዛል።

ከሌላ ዓለም የመጡ ሦስት ልምዶች

በእንግሊዝ ሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ በ1870 ያልተነካ አፈር እንዳለ ከሥሩ ተገድቦ የሚወጣውን ውሃ የሚለካ መሣሪያ ተሠራ። ሎውዝ፣ ጊልበርትና ዋሪንግተን በ1882 ባወጡት ዘገባ ከአፈሩ የሚወጣው ውሃ ሁለት ዓይነት መሆኑን ጻፉ፦ አንዱ በአፈሩ ሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ ሌላው በክፍት መተላለፊያዎች ሳይዋሃድ በቀጥታ የሚያልፍ። ይህ ከሪቻርድስ እኩልታ ግማሽ ምዕተ ዓመት ይቀድማል። እኩልታው ሲመጣ ግን ሁለተኛው ዓይነት ውሃ ከሒሳቡ ውጭ ቀረ። አንድ ነገር ቀድሞ ታውቆ ሳለ ለቀመር ስላልተመቸ ብቻ ለአሥርት ዓመታት ሊረሳ እንደሚችል ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ላስ ክሩሰስ አጠገብ፣ በ1980ዎቹ 6 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ቦይ ተቆፍሮ ከጎኑ ባለው መሬት ላይ ውሃና መከታተያ ንጥረ ነገር በቁጥጥር ተለቀቀ። ሙከራው በብዙ አገሮች መካከል ሞዴሎችን ለመፈተሽ ለተቋቋመው ኢንትራቫል ለተባለ ፕሮጀክት መረጃ ሰጥቷል። ከተገኙት ትምህርቶች አንዱ ብዙዎችን አስገርሟል፦ አፈሩን አንድ ወጥ አድርጎ የወሰደው ቀላል ሞዴል የእርጥበቱን አወራረድ ከተወሳሰቡት ባልተናነሰ ሁኔታ ተነበየ። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ንጥረ ነገር መተንበይ ግን ከውሃው ይልቅ ከባድ ሆነ። ላስ ክሩሰስ በረሃማ ቦታ ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋ የክረምት ዝናብ እዚያ የለም።

ሦስተኛው ልምድ ከሁሉ የሚከብደው ነው። በዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ የኑክሌር ጣቢያ ከመሬት በታች ካሉ ታንኮች የፈሰሰው ዝቃጭ፣ ታንኮቹ ከውሃው ጣሪያ በብዙ ሜትር ከፍ ብለው ስለተቀበሩ፣ በደረቁ አፈር ተይዞ ይቀራል ተብሎ ለብዙ ዓመታት ይታመን ነበር። በ1990ዎቹ ሲዚየም ከተጠበቀው ጥልቀት በታች ተገኘ፤ በ1997 የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ፍሳሹ የከርሰ ምድር ውሃ ዘንድ መድረሱን ተቀበለ። በ1998 የአገሪቱ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት ስለ ዝቃጩ አወራረድ ያለው ግንዛቤ ለዋና ዋና ውሳኔዎች በቂ አይደለም ሲል ጻፈ። እዚያ የጎደለው የኮምፒዩተር ኃይል አልነበረም። በታንኮቹ ሥር የተወሰደ በቂ ናሙና ነበር የጠፋው።

ዋልካ አፈርና ቦሌ ሚካኤል

ቦሌ ሚካኤል በቦሌ ክፍለ ከተማ፣ ከዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የሚገኝ ሠፈር ነው። አካባቢው በትልቁ አቃቂ ተፋሰስ ውስጥ ይገባል፤ የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ በጥቅሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ የአቃቂ ጉድጓዶች ወዳሉበት አቅጣጫ ይሄዳል። የአቃቂ ጉድጓዶች ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ጋር የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ምንጮች ናቸው። በተጨማሪም በከተማዋ ብዙ ሆቴሎችና ፋብሪካዎች የየራሳቸውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረዋል። ስለዚህ ከላይ በሠፈር የሚፈስ ነገር ከታች ማን ይጠጣዋል የሚለው ጥያቄ የሚያስኬድ ነው።

ከላይ የሚፈሰው ምንድን ነው? የፍሳሽ መስመር ባልደረሰበት ግቢ ሁሉ የመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ አለ፤ ከእሱ ናይትሬት ይወጣል። ጋራዥና ነዳጅ ማደያ አለ። በወንዝ ዳር የተበከለ ውሃ ተጠልፎ ጎመንና ሰላጣ ይጠጣበታል። በታሪኩ ከፍተኛ ናይትሬት በአዲስ አበባ ጥልቀት በሌላቸው ጉድጓዶችና ምንጮች በተደጋጋሚ ተለክቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ታምሩ ዓለማየሁና ባልደረቦቹ የከተማዋን የከርሰ ምድር ውሃ ለብክለት ያለውን ተጋላጭነት አጥንተዋል፤ ሞላ ደምሌና ሽቴፋን ቮንሊክ ደግሞ በ2006 ባሳተሙት ጥናት በአፈሩና በውሃው ውስጥ ያሉትን ከባድ ብረቶች መርምረዋል።

ዋልካ አፈር ቢያንስ 30 በመቶ ሸክላ ያለው፣ በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ በላይ እንደሚሸፍን የሚነገርለት አፈር ነው። በክረምት እርጥብ ዋልካ ላይ የሄደ ሰው ጫማው ላይ የሚለጠፈውን ያውቃል፤ ውሃ በላዩ ተኝቶ ይውላል እንጂ አይሰርግም። ካበጠ በኋላ ውሃ የሚያሳልፈው በቀን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ብረቶችንም አጥብቆ ይይዛል። ለተለመደው ሞዴል ይህ ከሁሉ የተሻለ ክዳን ነው፤ ሲሰላ በካዩ ለመቶ ዓመታት አይወርድም ይላል።

በበጋ ግን ሌላ መሬት ነው። ከጥቅምት በኋላ አፈሩ እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ በየካቲትና በመጋቢት ስንጥቁ ከግማሽ ሜትር በላይ ሊጠልቅ፣ ጣት ሊያስገባ ይችላል። የበልግ ዝናብ ወይም የሰኔ የመጀመሪያ ዶፍ ሲመጣ ውሃው በሸክላው ውስጥ ሳይሆን በስንጥቁ ይወርዳል፤ በበጋ ወራት ከላይ የተጠራቀመውን ሁሉ ይዞ። በስንጥቅ ውስጥ የሚያልፈው የውሃ መጠን ከስንጥቁ ስፋት ኩብ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ውሃው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ይዘጋል፤ ከዚያ በሐምሌና በነሐሴ የሚለካ ሰው ተመልሶ ውሃ የማያሳልፍ ክዳን ያገኛል። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው የሚዘንበው በእነዚህ ወራት ነው። እንግዲህ በነሐሴ የተፈተሸ ሞዴል ጥሩ ውጤት አግኝቶ ያልፋል፤ ያለፈው ግን ቀላሉን ፈተና ነው።

ለዚህ የተሠሩ ሞዴሎች አሉ። የስዊድኑ ማክሮ ቀዳዳዎችን ሰፊና ጠባብ ብሎ በሁለት ይከፍላል፤ ኸርከና ፋን ኽኑኽተንም በ1993 ሁለት መንገድ ያለው ቀመር አቅርበዋል፤ ሃይድረስም ዛሬ ይህን አማራጭ ይዟል። ችግሩ እነዚህ ሞዴሎች የሚጠይቋቸው ቁጥሮች ብዙ መሆናቸውና በቀጥታ ለመለካት አዳጋች መሆናቸው ነው። ብዙ አጥኚዎች ቁጥሮቹን የሚያገኙት የአሸዋ፣ የደለልና የሸክላ ድርሻን አስገብተው ከሚገምቱ ፕሮግራሞች ነው፤ የታወቀው ሮዜታ ይባላል። ሮዜታ የተማረው በአብዛኛው ከአሜሪካና ከአውሮፓ ከተወሰዱ ናሙናዎች ነው። ደግሞም የአፈሩን ጥግግት አንድ ቁጥር አድርጎ ይጠይቃል፤ ዋልካ ግን ጥግግቱ ከወር ወር ይለያያል። የትኛው ወር ይሰጠው?

የሚገርመው፣ ምንም እኩልታ የማይፈታው አሮጌው የተጋላጭነት መለኪያ ድራስቲክ ይህን አስቦበታል። በ1987 ለአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የተዘጋጀው ይህ ዘዴ አፈርን ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሲሰጥ፣ ለማያብጥ ሸክላ 1፣ ለሚያብጥና ለሚሰነጠቅ ሸክላ ደግሞ 7 ይሰጣል፤ አሸዋ 9 ነው። ሁለቱም ሸክላ ናቸው ብሎ 1 የሚሰጥ አጥኚ ካርታውን ከመነሻው ያበላሸዋል።

በከተማው ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ በመጻሕፍት ብዙም አይገኝም፣ ሠፈሩን የሚያውቅ ግን ወዲያው ያስታውሰዋል። በቦሌ በኩል ቤት ወይም ፎቅ ሲሠራ ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ይወጣና በምትኩ ሰሌክት ይሞላል፤ መሠረቱ እንዳይሰነጠቅ። መንገድም ሲሠራ እንዲሁ ነው። ሰሌክት ውሃን በቀላሉ ያሳልፋል። ስለዚህ የአፈር ካርታ "ዋልካ" ብሎ ባቀለመው ሠፈር፣ ሴፕቲክ ታንኩ የተቀበረበት ግቢ ውስጥ ዋልካ ላይኖር ይችላል። ታንኩ ራሱም ከላይ ካለው አፈር በታች ስለሚቆፈር፣ ማጣሪያ ነው የተባለውን ክዳን አልፎ የሚጀምር ነው። ከሥሩ ያለው የእሳተ ገሞራ ዐለት በቦታ በቦታው ስንጥቅ አለው፤ በላቫ ንጣፎች መካከል የተቀበረ አሮጌ አፈርም ውሃውን አግዶ ወደ ጎን ሊመራው ይችላል። አንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ የሚያሰላ ሞዴል ይህን አያይም።

የፀረ ተባይ ምዝገባ

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሞዴል በይፋ ለውሳኔ የተዘጋጀበት ዋናው መስክ የፀረ ተባይ ምዝገባ ነው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ማንኛውም ፀረ ተባይ ከመሸጡ በፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ የእርሻ ሚኒስቴር፣ በኔዘርላንድስ የዋኽኒንኸን ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም የሆነው አልቴራና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በጋራ ባካሄዱት የፀረ ተባይ ስጋት ቅነሳ ፕሮግራም፣ መዝጋቢው ባለሙያ የሚጠቀምበት ፕራይሜት የተባለ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ተሠራ። በውስጡ ለመጠጥ ውሃ የሚያገለግሉ የከርሰ ምድር ውሃ ዓይነቶች ተለይተዋል፦ በትናንሽ ወንዞች ዳር ያለ የደለል ውሃ፣ በእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ያሉ ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች፣ በስምጥ ሸለቆ ዳርቻና በቆላው ያለ የደለል ውሃ። በአፈሩ ውስጥ የሚወርደውን መጠን የሚያሰላው ፔርል የተባለው የደች ሞዴል ነው።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ከዚያ በፊት ስለ አንድ ኬሚካል የሚቀርበው መረጃ ከሌላ አገር አየርና አፈር የተወሰደ ነበር፤ አሁን ቢያንስ የኢትዮጵያ ዝናብና የኢትዮጵያ አፈር ገብቶበታል። ይሁን እንጂ ፔርል በተለመደው ቅርጹ የስንጥቅ መንገድን አይቆጥርም፤ ፍተሻውም በአብዛኛው የተካሄደው በአውሮፓ ማሳዎች ነው። አውሮፓውያንም ይህ ችግር አለባቸው። ለምዝገባ ከሚጠቀሙባቸው ዘጠኝ መደበኛ ቦታዎች፣ ከሃምቡርግ እስከ ሴቪያ፣ የስንጥቅና የሰፋፊ ቀዳዳ ሞዴል የሆነው ማክሮ የተዘጋጀው ለአንዱ፣ ለፈረንሳዩ ሻቶደን ብቻ ነው። በመጠንቀቅ የተመረጠ የከፋ ሁኔታ ጉድለቱን በከፊል ሊሸፍን ይችላል፤ ይሸፍናል ወይ የሚለው ግን የሚመለሰው በዋልካ ማሳ ላይ ተለክቶ ነው።

በቦሌ ሚካኤል ቢፈተሽ

ፍተሻው ውድ መሣሪያ ሁሉ አይጠይቅም። መሬቱ ክፍት በሆነበት፣ ለምሳሌ ባልተሠራበት ቦታ ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዳር ባለ ያልተቆፈረ አፈር ላይ፣ ጥቂት ካሬ ሜትር ይከለላል። ብሮማይድ የተባለው ጨው በታወቀ መጠን ይረጫል፤ በአፈር ውስጥ በተፈጥሮ ጥቂት ስለሆነና ስለማይለጠፍ የውሃውን መንገድ ያሳያል። የዝናቡ መጠን ከቦሌ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ይገኛል፤ ከጎኑ ተራ የዝናብ መለኪያ ቢተከል ግን ይሻላል፤ የአዲስ አበባ ዝናብ ከሠፈር ሠፈር ይለያያልና። ቴንሲዮሜትር አፈሩ ውሃውን ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘ ይነግራል፤ ሲደርቅ ግን መሥራት ስለሚያቆም በበጋ ማብቂያ፣ በጣም በሚፈለግበት ጊዜ፣ ዝም ይላል። ስለዚህ በመሰርሰሪያ ናሙና ማውጣትን የሚተካው የለም።

የናሙናው ቀን ከመሣሪያው ይበልጣል። አንዱ ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት፣ ስንጥቁ ክፍት ሳለ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ በኋላ በማግስቱ፤ ሦስተኛው ስንጥቁ ሲዘጋ፤ አራተኛው መስከረም ላይ። በሁለተኛው ቀን ብሮማይድ አንድ ሜትር ላይ ከተገኘ፣ በዓመት 250 ሚሊ ሜትር ይወርዳል ያለው ሞዴል እዚያው ወድቋል፤ የቀሩትን ወራት መጠበቅ አያስፈልግም። ካልተገኘም ገና አላለፈም፤ ስንጥቆቹ ከናሙናው ቀዳዳ በእጅ ስፋት ርቀው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሰማያዊ ቀለም ፈስሶ፣ መሬቱ በጎን ተቆርጦ፣ የቀለሙ መንገድ በዐይን የሚታየው። ዋልካ ሲቆረጥ ቀለሙ በስንጥቁ ግድግዳ ላይ እንደ ጅማት ወርዶ፣ በመካከል ያለው የአፈር ጓል ግን ንጹሕ ጥቁር ሆኖ ይገኛል።

የሞዴሉ ትንበያ ከዚህ ሁሉ በፊት ተጽፎ፣ ቀን ተደርጎበት መቀመጥ አለበት፤ እርጥበትን ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውን የመድረሻ ቀንና ጥልቀት፣ ከነስሕተቱ ክልል። ሰሌክት በተሞላበት ግቢም ሁለተኛ ቦታ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የሚፈተሸው ከመገንባቱ በፊት የነበረው ቦሌ ነው። ናሙናው በአንድ ዓመት ብቻ ቢወሰድ የዚያን ዓመት በልግ ያሳያል፤ በልጉ በቀረበት ዓመት ስንጥቁ እስከ ሰኔ ክፍት ይቆያል፣ በልጉ በጠነከረበት ዓመት ደግሞ በመጋቢት ይዘጋና እንደገና ይከፈታል። ሁለቱንም ዓመት ያየ ፍተሻ ቢያንስ ሦስት ክረምት ይፈልጋል።